የሆይግሊን ስምና የክንፉ ላባ፦ የሲጋል ንዑስ ዝርያዎች ታሪክ ከወሎ እስከ ጨፋ

ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ራሱና ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ቢጫ፣ ጀርባው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ የሆነ ትልቅ የውኃ ወፍ ይታያል። ሲጋል ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ሊቃውንት ላሩስ ፉስኩስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጥተውታል። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ የሚመጣው ከአንድ አገር አይደለም። አንዱ ወገን ከፊንላንድና ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ሌላው ከሰሜን ሩሲያ ቱንድራ ይነሣል። የመጀመሪያው ንዑስ ዝርያ ፉስኩስ፣ ሁለተኛው ሆይግሊኒ ይባላል። ሁለተኛው ስሙን ያገኘው በ1862 በወሎ ምድር ሰፍረው ከነበሩት ከአፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ከደረሰ አንድ ጀርመናዊ ተጓዥ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ስሞቹ እንዴት እንደወጡና ተመራማሪዎች ወፎቹን በምን መለየት እንደቻሉ ነው። መጀመሪያ መለያው የላባው ቀለም ነበር፤ ኋላ ላባው የሚቀየርበት ወቅት ተጨመረበት። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ስናነብ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ስሞቹ የወጡት በአውሮፓ ሲሆን፣ ፉስኩስን ከሌሎቹ የሚለየው ዋና ማስረጃ ግን የሚበቅለው በአፍሪካ ውኃዎች ዳር ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦርከናና ጨፋ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከደሴ አካባቢ ደጋ የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ በከሚሴ ዙሪያ ባለው ሜዳ ሲደርስ ይሰፋና ጨፋ የሚባለውን ረግረግ ይፈጥራል። ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአውሳ ሐይቆች ያበቃል። ስለዚህ ጨፋ ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል በሚወርደው ውኃ መንገድ ላይ ያለ ማረፊያ ነው ማለት ይቻላል።

የጨፋ ታሪክ ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው ግጦሹ ነው። በበጋ ወራት የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች ሣርና ውኃ ፍለጋ ይሰበሰቡበታል። በ2002 ዓመት ድርቅ በጸና ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ያወጣው ሪፖርት ሸለቆውን የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ብሎት ነበር። ከብቱ ወደ ጨፋ የሚወርድበት ወቅት ከሰሜን የሚፈልሱት ወፎች ኢትዮጵያ ከሚገኙበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ሰውም ወፍም የሚመጣው ሌላው አገር ሲጠብበት ነው።

ሁሉም የውኃ ወፍ ግን አንድ ዓይነት ውኃ አይወድም። ትልልቆቹ ሲጋሎች የሚመርጡት ሰፊና ገላጣ ውኃ ነው፤ ጨፋ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ሣርና ፊላ የለበሰ ነው። በዚህ አገር የእነሱን ዓይነት ውኃ የሚያሟሉት በስተ ሰሜን ሐይቅና አርዲቦ፣ በስተ ደቡብ እነ ዝዋይ፣ አቢያታና ሐዋሳ ናቸው። ከሚሴ በሁለቱ የሐይቅ ወገኖች መካከል በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ግርጌ ትገኛለች። የዚህን ዞን የወፍ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ይህን አቀማመጥ መያዝ አለበት።

ጀርመናዊው በወሎ

ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1824 በቩርተምበርግ ግዛት ሂርሽላንደን በምትባል መንደር ተወለደ። በ1850 ወደ ግብፅ መጣ። ብዙም ሳይቆይ በካርቱም የኦስትሪያ ቆንስላ ጸሐፊ ሆነና ከቆንስሉ ከዶክተር ራይትስ ጋር እስከ ጎንደር ተጓዘ። ራይትስ በመልሱ ጉዞ በ1853 ሞተ፤ የቆንስላው ሥራ በሆይግሊን እጅ ወደቀ። ሰውየው ግን ከፖለቲካው ይልቅ ልቡ ያለው ወፍ ላይ ነበር። በ1856 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች በሥርዓት የሚዘረዝር ጽሑፍ አሳተመ። በ1857 ደግሞ የቀይ ባሕርንና የሶማሌን ጠረፍ ዞረ።

ወደ ወሎ ያመጣው ሁለተኛው ትልቅ ጉዞው ነው። ኤድዋርድ ፎግል የሚባል ጀርመናዊ አሳሽ ከቻድ በስተ ምሥራቅ በዋዳይ ጠፍቶ ነበር። ዕጣውን ለማወቅ በጎታ ከተማ በካርታ አዘጋጁ በአውጉስት ፔተርማን አስተባባሪነት አንድ ኮሚቴ ተቋቁሞ ገንዘብ ሰበሰበ፤ የጉዞው መሪ ሆይግሊን ሆነ። በ1861 ክረምት መግቢያ ላይ ምጽዋ ወረዱ። ከጓዶቹ መካከል የዕፅዋት አጥኚው ሐኪም ሄርማን ሽቶይድነርና የስዊሱ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ነበሩ።

ኮሚቴው የሚፈልገው በቀጥታ ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ ነበር። ሆይግሊን ግን መንገዱን ወደ ሐበሻ ደጋ አዞረ። በ1861 መገባደጃ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ሙንዚንገር ወደ ምዕራብ ሲያቀና ሆይግሊንና ሽቶይድነር በዓድዋና በጎንደር በኩል ወደ ደቡብ ወረዱ። ጎታ ያሉት ሰዎች ይህን እንደሰሙ መሪነቱን ከሆይግሊን ነጥቀው ለሙንዚንገር ሰጡት። ሙንዚንገር በ1875 የግብፅን ጦር እየመራ ሲጓዝ አውሳ ላይ በአፋሮች እጅ ተገደለ።

ሆይግሊንና ሽቶይድነር በ1862 የመጀመሪያ ወራት አፄ ቴዎድሮስ በወሎ ካሰፈሩት ጦር ዘንድ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ከነገሡ ወዲህ ወሎን ለማስገበር ደጋግመው የዘመቱበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ጀርመናውያን ከዚያ ተመልሰው በመተማ በኩል ካርቱም ገቡ። ሽቶይድነር በማግስቱ ዓመት በደቡብ ሱዳን ዋው ላይ በበሽታ ሞተ። ሆይግሊን የጉዞውን መጽሐፍ በ1868 በየና ከተማ አሳተመ፤ በርዕሱም ላይ ከሐበሻ ቀጥሎ የኦሮሞን አገሮች በዚያ ዘመን አውሮፓውያን በሚጠሩበት ስም አኖረ።

የመጽሐፉን ዋጋ ስንመዝን ጉዞው በምን ሁኔታ እንደተደረገ መዘንጋት የለብንም። ሆይግሊን የሚሄደው ጦር በሚንቀሳቀስበት አገር ነው፤ ወፍ የሚሰበስበውም በሚያልፍበት መንገድ ዳር ብቻ ነው። የንጉሡ ሰፈር የነበረው በወሎ ደጋ ስለሆነ የእሱን ማስታወሻ አንሥቶ ለቦርከና ቆላ መስጠት አይቻልም። በሌላ በኩል የመጣው በበጋ፣ የሰሜኑ ፈላሾች በአገሩ ባሉበት ወቅት ስለነበር፣ ለኢትዮጵያ ፈላሽ ወፎች ታሪክ ቀደምት ከሚባሉት ምስክሮች አንዱ ነው። የዕድሜ ልክ ሥራው የሆነው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች ታላቅ መጽሐፍ ከ1869 ጀምሮ በተከታታይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ተቃራኒው የዓለም ጫፍ አዞረ። በ1870 ወደ ሽፒትስበርገን፣ በ1871 ወደ ኖቫያ ዜምልያ ተጓዘ። ስሙን የተሸከመው ሲጋል ጎጆውን የሚሠራው በሰሜን ሩሲያ ቱንድራ ሆኖ በበጋችን ወራት ወደ ምሥራቅ አፍሪካና ወደ ዓረብ አገሮች ጠረፍ ይወርዳል። ሆይግሊን የወፉን ሁለቱንም ዓለም ከረገጡ ጥቂት የዘመኑ አጥኚዎች አንዱ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪምና የወፍ ጸሐፊ ቻርልስ ሮበርት ብሪ ወፉን ሆይግሊኒ ብሎ የሰየመው በ1876 ነው። ሆይግሊን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መባቻ በሽቱትጋርት አረፈ።

ስሞቹ እንዴት ወጡ

ሆይግሊኒ የሚለው ስም በባዶ ሜዳ ላይ አልተተከለም። ስዊድናዊው ካርል ሊኔዎስ በ1758 ላሩስ ፉስኩስ የሚለውን ስም ሲሰጥ በእጁ የነበረው የሰሜን አውሮፓው ጥቁር ጀርባ ወፍ ነው። በ1857 አልፍሬድ ብሬም ከደቡብ ስፔን ያገኘውን፣ ጀርባው ፈካ ያለ ግራጫ የሆነውን ወገን ግራኤልሲ አለው። ይህ ብሬም ለሐበሻ ሰዎችም እንግዳ አልነበረም፤ በ1862 ከሳክስ-ኮቡርግ-ጎታው መስፍን ከኤርንስት ሁለተኛ ጋር ምጽዋ ወርዶ እስከ ቦጎስ አካባቢ ተጉዟል። ለሆይግሊን የ1868 መጽሐፍም መቅድም የጻፈለት እሱ ነው። በ1922 ዴንማርካዊው ሌን ሺዮለር በሁለቱ መካከል ያለውን የስካንዲኔቪያ ወገን ኢንተርሜዲዩስ ሲል ሰየመ። በ1960 ደግሞ ከካዛክስታንና ከምዕራብ ሳይቤሪያ ሜዳዎች የሚመጣው ባራቤንሲስ ተጨመረ።

በቀይ ባሕር በኩል ያለው የስም ታሪክ ሆይግሊኒ ከሚለው ስም ይቀድማል። የፕሩሲያ ሊቃውንት ቪልሄልም ሄምፕሪሽና ክርስቲያን ኤረንበርግ በ1820 ተነሥተው ግብፅንና የቀይ ባሕርን ጠረፍ ሲያጠኑ፣ ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ በወባ ሞተ። በ1853 ካርል ብሩክ የቀይ ባሕሩን ቡናማ ሲጋል በስሙ ሰየመለት። ይህ ወፍና ዓይኑ በነጭ የተከበበው ዘመዱ ዓመቱን ሙሉ የባሕሩ ጠረፍ ነዋሪዎች ናቸው። በመካከለኛው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ ራሱ ግራጫ የሆነው ሲጋል ነባር ነዋሪ ነው። እነዚህ ከፈላሾቹ በመጠንም በቀለምም ስለሚለያዩ የሚያምታቱ አይደሉም። ጭንቁ ያለው በፉስኩስና በሆይግሊኒ መካከል ነው።

ቆዳውና ወረቀቱ

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ወፍ የሚያጠናው በቆዳው ነበር። ወፉ ይመታል፤ ሥጋውና አጥንቱ ወጥቶ ውስጡ በጥጥ ይሞላል፤ እግሮቹ ተጠላልፈው ይታሰሩና ቦታና ቀን የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይንጠለጠልባቸዋል። ቆዳው በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ መቶ ዓመትም ይቆያል። ጥቁርና ግራጫ ላባ ለረጅም ጊዜ ስለማይለወጥ የጀርባን ቀለም ለማነጻጸር ይህ ዘዴ ተስማሚ ነው። ሁለት ቆዳ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የፉስኩስ ጀርባ እንደ ክንፉ ጫፍ ጥቁር መሆኑ፣ የሆይግሊኒ ጀርባ ግን ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ከክንፉ ጥቁር ጫፍ ጋር መለያየቱ ይታያል።

ቆዳ የማይነግረን ነገር ግን ብዙ ነው። የእግር፣ የመንቁርና በዓይን ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀለም ወፉ ከሞተ በኋላ ይደበዝዛል። ቢጫ የነበረው እግር ከዓመታት በኋላ ምን እንደነበረ የሚታወቀው ሰብሳቢው በዕለቱ በወረቀቱ ላይ ከጻፈው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትልልቅ ሲጋሎች የጎልማሳ መልክ ለመያዝ አራት ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆኑ የጀርባቸው ቀለም ወገናቸውን አይናገርም። ስለዚህ ከሰበሰቡት ሰዎች ይልቅ ወረቀቱን በጥንቃቄ የጻፉት ናቸው ለታሪክ የጠቀሙት።

በወሎና በሸዋ ዙሪያ የተሰበሰበው ቅርስም የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣው የምድር ጥናት ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ያየውን እንስሳና ወፍ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ከነቦታው አስፍሯል። ከከሚሴ በስተ ደቡብ በአንኮበር ግርጌ፣ ንጉሥ ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር በሰጡት ልጥ ማረፊያ፣ ማርኩዊስ ኦራትሲዮ አንቲኖሪ በ1882 እስኪሞት ድረስ ወፍ ሰብስቧል። የእሱና የተተኪዎቹ ስብስብ ወደ ጣሊያን ሄዶ በቶማዞ ሳልቫዶሪ ተጠንቷል። ሁሉም የመጡት በጦር፣ በንግድ ወይም በዲፕሎማሲ መንገድ ነው፤ መዝገባቸውም መንገዱን ይመስላል።

የላባ ቅየራ አቆጣጠር

የጥናቱን አቅጣጫ የለወጠው ለላባ መቀየር የተሰጠው ትኩረት ነው። አሜሪካዊው ጆናታን ድዋይት በ1925 ስለ ዓለም ሲጋሎች ባሳተመው ትልቅ ጥናት ላባቸውንና የላባ ቅየራቸውን ከዝምድናቸው ጋር አያይዞ አቀረበ። በ1982 የእንግሊዛዊው ፒተር ግራንት መመሪያ ተራ ተመልካችም በቴሌስኮፕ የሲጋልን ዕድሜ ከላባው እንዲያነብ አስተማረ። በ1998 ደግሞ ስዊድናዊው ሠዓሊና የወፍ አጥኚ ላርስ ዮንሶን ስለ ባልቲኩ ፉስኩስ ላባ ቅየራ፣ ዕድሜና መለያ ያወጣው ጽሑፍ የክርክሩ ሁሉ መነሻ ሆነ።

ነገሩን ለመረዳት ክንፉን ዘርግቶ ማየት ይበጃል። በእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ በኩል አሥር ትልልቅ የበረራ ላባዎች አሉ። ተመራማሪዎች ከውስጥ ጀምረው ወደ ውጭ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥሯቸዋል። ቅየራውም በዚሁ ተራ ይሄዳል፦ አንደኛው ይወድቃል፣ አዲሱ ይበቅላል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ አሥረኛው ላይ ያበቃል። ወፉ መብረር ሳያቆም ስለሚቀይር ሥራው ወራት ይፈጃል። አዲሱ ላባ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። አሮጌው ፀሐይና ጨው በልቶት ወደ ቡናማ ያደላል፤ ነጩ ነጥብ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ዳሩ እንደ አሮጌ ነጠላ ጥለት ተተልትሏል። በአንድ ክንፍ ላይ አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን ሲታይ ድንበሩ የት ቁጥር ላይ እንደሆነ መናገር ይቻላል። በመካከሉ ክፍተት ከታየ የወደቀው ገና አልተተካም ማለት ነው።

ድንበሩ በየወሩ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የሚጀምርበት ጊዜ ግን በየወገኑ ይለያያል። በምዕራብ አውሮፓ የሚኖረው ግራኤልሲ የአውሮፓን ክረምት በአብዛኛው በስፔን፣ በፖርቱጋልና በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ስለሚያሳልፍ መንገዱ አጭር ነው። ገና ጫጩቶቹ ሳያድጉ በአውሮፓ በጋ አጋማሽ የክንፉን ላባ መቀየር ይጀምራል። የባልቲኩ ፉስኩስ ግን ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያና ከዚያም አልፎ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለዚህ ሙሉ ክንፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ሁለት የውስጥ ላባ የጀመሩ ቢኖሩም አብዛኞቹ ከፊንላንድ የሚነሡት ባለፈው ዓመት ላባቸው ነው። ቅየራውን የሚያካሂዱት ከመስከረምና ከጥቅምት ወዲህ በአፍሪካ ነው፤ የሚጨርሱትም ወደ ሰሜን ሊመለሱ ሲሉ ነው።

ሆይግሊኒ በሁለቱ መካከል ነው። በትውልድ ቦታው ይጀምርና ጉዞውን ከጥቂት አዲስ ላባዎች ጋር ያደርጋል። የውጭዎቹን የሚጨርሰው በሚከርምበት አገር፣ አንዳንዱ እስከ ጥርና የካቲት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ወር በአንድ ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጎልማሶች ቢገኙ፣ አንዱ ክንፉ ሙሉ በሙሉ ያረጀና ጀርባው ድፍን ጥቁር፣ ሌላው የውስጥ ላባው አዲስ፣ የውጩ አሮጌና ጀርባው ግራጫ ቢሆን፣ ፍርዱ ብዙ አያስቸግርም። ሆይግሊኒ በአካልም ገዘፍ ይላል፤ በሚከርምበት ወራት ማጅራቱ ላይ ቡናማ ጭረት ይበዛል። የፉስኩስ ራስ በአብዛኛው ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ክንፉም ከአካሉ ይልቅ ረዘም ብሎ ወደ ኋላ ይወጣል።

በወጣቶቹም ላይ አቆጣጠሩ ይሠራል። የፉስኩስ ልጅ በመጀመሪያው የአፍሪካ ቆይታው የተወለደበትን የክንፍ ላባ ሁሉንም ወይም አብዛኛውን ይቀይራል። በሚቀጥለው ዓመት በሰሜን ጸደይ ሲታይ ክንፉ አዲስና ጥቁር ነው። የግራኤልሲና የኢንተርሜዲዩስ እኩያው ግን በዚያ ጊዜ ገና የልጅነት ላባውን እንደተሸከመ ነው። በምዕራብ አውሮፓ አንድ እንግዳ ወጣት ፉስኩስ መሆኑን ለማስመስከር ዋናው ማስረጃ ይህ የአፍሪካ ላባ ነው።

ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይነገር። ከሆይግሊኒ ወጣቶች መካከልም የክንፍ ላባቸውን በሚከርሙበት አገር የሚቀይሩ አሉ፤ የባራቤንሲስ ጀርባ ከግራኤልሲ ጋር ይቀራረባል፤ በብርሃን ምክንያት ግራጫው ጥቁር መስሎ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች በአንድ ምልክት የማይፈርዱት። ቀለም፣ ግዝፈት፣ ዕድሜ፣ የላባው ድንበርና ቀኑ አንድ ላይ ሲስማሙ ብቻ ስም ይሰጣል።

ዝርያ ወይስ ንዑስ ዝርያ

ከስሙ ጋር የተያያዘ ሌላ ክርክር አለ። ሆይግሊኒ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ የላሩስ ፉስኩስ ንዑስ ዝርያ? በ1942 ኤርንስት ማየር ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ የእነዚህን ሲጋሎች ዘመዶች በሰሜን ዋልታ ዙሪያ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ጎረቤቶች አድርጎ አቅርቦ ነበር። እንደሱ አባባል ጎረቤት ከጎረቤት ይዋለዳል፤ የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ግን አውሮፓ ላይ ሲገናኙ አይዋለዱም። ይህ ምሳሌ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። በ2004 ዶሪት ሊበርስና ባልደረቦቿ በዘር ቅንጣት ምርመራ ሰንሰለቱ በታሰበው መንገድ እንዳልተሠራ አሳዩ። ፉስኩስና ሆይግሊኒ ግን በጣም የተቀራረቡ ዘመዶች ሆነው ተገኙ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ለየብቻ ዝርያ ያደርጓቸዋል፤ ብዙዎቹ የዛሬ ዝርዝሮች ግን በንዑስ ዝርያ ደረጃ ይይዟቸዋል።

ለታሪክ አንባቢ የዚህ ትርጉም ቀጥተኛ ነው። በድሮ መዝገብ ላይ ሆይግሊኒ የሚል ስም ሲገኝ ጸሐፊው በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው መለያ እንደሰየመ መጠየቅ ያሻል። ከላባ ቅየራ ጥናት በፊት የተጻፈ ስም በቀለም ብቻ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ላሩስ ፉስኩስ ብቻ ብሎ ያለፈ ጸሐፊም አላወቀም አይባልም፤ ያላረጋገጠውን አልጻፈም።

የኢትዮጵያ መዝገብ

በአገራችን የወፍ ዝርዝር ዘመናዊ መልክ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1966 የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። በ1970ዎቹ ጆን አሽ በአዲስ አበባ ሲሠራ በብዙ ወፎች እግር ላይ ቀለበት አሰረ፤ በ2009 ከጆን አትኪንስ ጋር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ሥርጭት የሚያሳይ አትላስ አወጣ። በ1996 ማኅበሩ 69 ለወፎች አስፈላጊ የሆኑ ቦታዎችን የመዘገበ መጽሐፍ አሳትሟል።

የአሽ ሥራ ለዚህ አካባቢ ልዩ ትምህርት አለው። ከከሚሴ በስተ ደቡብ ባለው የአንኮበር ገደል በ1976 ያገኘው ትንሽ ወፍ በ1979 አዲስ ዝርያ ሆኖ ለሳይንስ ተዋወቀ፤ የአንኮበር ስምም ተሰጠው። አንቲኖሪና ተተኪዎቹ ለዓመታት በተቀመጡበት አካባቢ አንድ ሙሉ ዝርያ መቶ ዓመት ያህል ሳይመዘገብ መቆየቱ፣ የተጓዦች መዝገብ መንገድ ዳር ያለውን እንጂ አገሩን ሁሉ እንደማይሸፍን ያሳያል።

ፉስኩስን የሚመለከተው ነገር ደግሞ ከማወቅ ጉጉት ያልፋል። ይህ ንዑስ ዝርያ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በፊንላንድ ቁጥሩ ቀንሷል፤ ተመራማሪዎችም የጫጩቶቹን ሞትና ብክለትን ሲመረምሩ ቆይተዋል። ግማሽ ዓመት ያህል በአፍሪካ የሚኖርን ወፍ ዕጣ በፊንላንድ ብቻ ተቀምጦ መፍረድ አይቻልም። ክንፉን የሚሠራው በአፍሪካ ዓሣና ምግብ ስለሆነ፣ የበላውና የተበከለበት ነገር በዚያው ላባ ውስጥ ይቀራል።

በከሚሴና በደሴ ያሉ የሥነ ሕይወት መምህራን፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በጨፋ ዳር የምትውሉ ካሜራ ያላችሁ ወጣቶች በዚህ ታሪክ ድርሻ አላችሁ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰብሳቢ ጠመንጃና የሙዚየም መሳቢያ ያስፈልገው ነበር፤ ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ካሜራና አንድ ደብተር ይበቃል። በሐይቅም በአርዲቦም በቦርከናም ጀርባው የጠቆረ ትልቅ ሲጋል ስታዩ ክንፉን ሲዘረጋ ፎቶ አንሡ፤ የእግሩን ቀለም፣ አዲሱ ላባ ስንተኛው ላይ እንደሚያበቃ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ስሙን ከዚያ በኋላ መስጠት ይቻላል። ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ ግን የላባው ቅየራ የት እንደደረሰ ቢያሳይም መቼ እንደደረሰ ስለማይናገር ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ አይሆንም።